ፉርሽካው ተገዝቷል፤ ማዕድኑስ?

በቢሾፍቱም ሆነ በሰላሌ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ሸጠው የሚያድሩ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ወሬያቸው የሚጀምረው ከፉርሽካ ዋጋ ነው። ከፉርሽካ ወደ ፋጉሎ፣ ከፋጉሎ ወደ ድርቆሽና ጭድ ይሄዳል። ስለ ማዕድን የሚያነሳ ከተገኘ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም “ጨው እናደርጋለን፣ ቦሌም አልፎ አልፎ እንገዛለን” ተብሎ ይዘጋል። የከብት ሀብቱ ትልቅ ኪሳራ ከተደበቀባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ በችኮላ የሚዘጋ ወሬ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የእንስሳት ናሙና ቆጠራ የአገሪቱን የዳልጋ ከብት ቁጥር 70 ሚሊዮን ገደማ አድርሶታል። ይህን ያህል ከብት ባለበት አገር የአንዲት የአገር ላም የቀን ወተት በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ጊደሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው አራት ዓመት አልፏት ሲሆን፣ በሁለት ወሊድ መካከልም ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ጊዜ ያልፋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ዝርያ፣ በሽታ፣ የግጦሽ መጥበብ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሆኖም ዝርያው ተሻሽሎ፣ ክትባቱ ተሰጥቶ፣ ሣሩም ለምልሞ ሳለ ኮርማ የማትፈልግ ላም በየበረቱ አለች። የዚህች ላም ባለቤት ደጋግሞ አዳቃይ ቴክኒሻን ይጠራል፣ ደጋግሞ ይከፍላል፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ለሥጋ ይሸጣታል። አንዳንዷ በእርግጥ መካን ናት፣ አንዳንዷም በሽታ ይኖርባታል። ብዙዎቹ ግን ባለዕዳ ናቸው።

ዕዳ የተባለው ለማጋነን አይደለም። አንድ ሊትር ወተት ከላሟ ገላ 1.2 ግራም ገደማ ካልሲየምና ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል። አሥር ሊትር የምትታለብ ዲቃላ ላም በየቀኑ ለገዢዋ 12 ግራም ካልሲየም በጣሳ ትሰጣለች ማለት ነው። የበላችው ሁሉ ወደ ደም ስለማይገባ ደግሞ በመኖዋ ማግኘት ያለባት ከዚህ በጣም የበለጠ ነው። መኖው ካላመጣላት የት ታገኛለች? ከአጥንቷ ነው። በከብት ገላ ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶው፣ ከፎስፈረሱም 80 በመቶ ገደማው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ላሟ ከዚህ ካዝና እየተበደረች ወተቷን ትሰጣለች። ብድሩ ሲበዛ አበዳሪው በሩን ይዘጋል፤ የሚቋረጠውም ለሕይወቷ የማያስፈልጋት ነገር ነው። መጀመሪያ ኮርማ መፈለጓን ትተዋለች፣ ቀጥሎ ወተቷን ትቀንሳለች።

ብድሩ በአንድ ሌሊት ሲጠየቅ ደግሞ የከፋ ነው። ብዙ የምትታለብ ላም በወለደች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ተኝታ መነሳት የሚያቅታት በደሟ ያለው ካልሲየም ስላለቀ ነው። በሽታው “የወተት ትኩሳት” ይባላል፤ ስሙ አሳሳች ነው እንጂ ላሟ አትተኩስም፣ እንዲያውም ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። የእንስሳት ሐኪም ፈጥኖ በደም ሥሯ ካልሲየም ከሰጣት በሰዓታት ውስጥ ትነሳለች። ካልደረሰላት የበረቱ ምርጥ ላም ናት የምትሞተው፣ ምክንያቱም ይህ በሽታ ደካማ ላም አይነካም።

ነገሩ ለዓለም አዲስ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ባለፈው የፈረንጆች ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከብቶች በሜዳ ላይ የተጣለ አጥንት እያኘኩ ሽባ ሆነው ይሞቱ ነበር። ሰር አርኖልድ ቴይለር የተባለው የእንስሳት ሐኪምና በኦንደርስተፖርት አብረውት የሠሩት ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ ገዳዩ በበሰበሰው አጥንት ላይ ያለ መርዝ ሲሆን፣ ከብቶቹን ወደ አጥንቱ የመራቸው ግን የግጦሹ የፎስፈረስ ድህነት ነበር። የአጥንት ዱቄት በቀጥታ ሲሰጣቸው አጥንት መልቀም ተዉ፣ ክብደታቸው ጨመረ፣ የሚወልዱትም በረከቱ። በየመንደሩ ጨርቅ፣ ላስቲክና አጥንት የምታኝክ ላም ሲያዩ “ዓመሏ ነው” ብለው የሚያልፉ ባለከብቶች ይህን ታሪክ ቢሰሙት አይጎዱም። ዓመል ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የመኖ ጉድለት ምልክት ነው።

የአውስትራሊያው ደግሞ ለነጋዴ ጭምር ትምህርት አለው። በምዕራብና በደቡብ አውስትራሊያ ጠረፍ በጎችና ከብቶች ለምለም ሣር ላይ ቆመው እየከሱ ያልቁ ነበር። ብረት አንሷቸው ነው ተባለና የብረት አፈር ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ዳኑ፣ ከሌላ ቦታ የመጣው የብረት አፈር ግን አላዳነም። እ.ኤ.አ. በ1935 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ለየብቻ እንዳረጋገጡት መድኃኒቱ ብረቱ አልነበረም፤ ከብረቱ ጋር ሳይታሰብ የተቀላቀለ ጥቂት ኮባልት ነበር። ከብትና በግ በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ቫይታሚን ቢ12 የሚሠሩት በኮባልት ነው፤ ለአንድ በግ በቀን የሚያስፈልገው የሚሊግራም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለችው ኢምንት ነገር ስትጠፋ የሜዳው ሣር በሙሉ ዋጋ ያጣል። ቀይ አፈር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ወደ ቦሌ ገበያ ሲመጣ ይህ ነገር ተመልሶ ይነሳል።

ቦሌ፣ አሞሌና ሆራ

የኢትዮጵያ ባለከብት ሳይንሱን ሳይጠብቅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። በኦሮሚያ ብዙ ስፍራዎች ከብት በየተወሰነ ጊዜ ወደ ሆራ ይነዳል፤ ሆራ ማዕድን ያለበት ምንጭ ወይም ሐይቅ ነው። ቦረና ከያቤሎ በስተደቡብ ካለው ከኤል ሶድ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ እየተጠለቀ የሚወጣውን ጨውና ጥቁር ጭቃ ለከብቱ ይሰጣል። አፋር በረሃ የሚቆረጠው አሞሌ በግመል ተጭኖ ደጋውን ሲያዳርስ የኖረው ለሰው ወጥ ብቻ አልነበረም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የሚቆፈረው ቦሌ ደግሞ እስከ መሀል አገር ድረስ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸጣል። የደጋ ሣርና ጭድ ሶዲየም አጥቶ ሳለ ይህ ልማድ ባይኖር ኖሮ የአገሪቱ ከብት ዛሬ ካለበትም በታች ይሆን ነበር። አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአገሪቱን የግጦሽ ሣርና ገለባ ባስመረመረበት ጊዜም የሶዲየም ማነስ ጎልቶ ከወጡት ጉድለቶች አንዱ ነበር።

እንግዲህ ቦሌ ጥሩ ነገር ነው። ጥፋቱ ቦሌ ሁሉን ያሟላል ተብሎ መታሰቡ ነው። ቦሌ በአመዛኙ ጨውና ሶዳ ያለበት አፈር ነው፤ ብረትም ይበዛዋል። የፎስፈረስ ነገር ሲመጣ ግን እንዲህ ያሉ የሚላሱ አፈሮች ደሀ ናቸው። ላሟ በጉጉት ስለላሰችው የጎደላትን ሁሉ አገኘች ማለት አይደለም። ከብት የምትመርጠው ጨውን ነው፤ መዳብ አንሶኛል ብላ መዳብ፣ ዚንክ አንሶኛል ብላ ዚንክ ለይታ አትልስም። በዚያ ላይ የአንዱ ጉድጓድ ቦሌ ከሌላው ጉድጓድ ቦሌ የተለየ ነው። ገዢው ግን የሚገዛው በቀለሙና በምላሱ ቀምሶ ነው። ስሚንቶ የሚገዛ ሰው ዓይነቱን ይጠይቃል፣ ማዳበሪያ የሚገዛ ገበሬ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያስነብባል፤ ቦሌ የሚገዛ ግን የሚያስነብበው ነገር የለም።

የመዳቡ ጉዳይ በተለይ በስምጥ ሸለቆ የቆየ ነው። እግራቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ኋላቸው እየተወዛወዘ የሚወድቁ ግልገሎች በሸለቆው ውስጥ መታየታቸው እ.ኤ.አ. በ1980 በባለሙያ መጽሔት ተመዝግቧል፤ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ መዳብ ሲያንሳት የሚመጣ ነው። ከዚያ ወዲህም በሸለቆው ከብቶች ላይ፣ ቆይቶም በጊልጌል ጊቤ አካባቢ በሚግጡ የአገር ከብቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት የመዳብ እጥረት ተገኝቷል። መዳብ በሣሩ ውስጥ እያለም ሊጠፋ ይችላል፤ ሞሊብዲነምና ድኝ ሲበዙ፣ ብረትም ሲበዛ፣ መዳቡን አስረው ከብቷ እንዳትጠቀምበት ያደርጋሉ። ብረት የበዛበትን ቀይ አፈር ለመዳብ እጥረት መድኃኒት ብሎ መግዛት እንግዲህ ገንዘብ ከፍሎ ችግር እንደ መጨመር ሊሆን ነው።

ስለ አዮዲንም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ለሰው የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ደንብ ያስገድዳል። ለከብት የሚቀርበው ያልተፈጨ ጨው ግን ይህን መንገድ ሳያልፍ ገበያ ይወጣል። የደጋው አፈር ለሰውም ለከብትም አንድ ነው፤ ሰዎቹ እንቅርት ያወጡበት ቀበሌ ጥጃው ደክሞ ወይም ሞቶ ቢወለድ የሚያስገርም አይደለም።

ገንዘቡ የሚፈስበት ቦታ

አሁን ወደ ሂሳቡ። በአንድ ኪሎ ጭድ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ብዙውን ጊዜ ከ1 ግራም ብዙም አይርቅም። በአንድ ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ ውስጥ ግን 10 ግራም ገደማ አለ፤ የኑግ ፋጉሎም እንዲሁ ባለ ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ ፉርሽካና ፋጉሎ የሚያበላ የከተማ ወተት አምራች ሳያውቀው ፎስፈረስ ገዝቷል። የጎደለው ሌላ ነው። ፉርሽካው ውስጥ ያለው ካልሲየም በኪሎ 1 ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህ ሰው የሚያስፈልገው ርካሹ ነገር፣ ማለትም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ስሚንቶ ፋብሪካዎች ተራራ ሙሉ የሚንዱለት የአገር ውስጥ ዕቃ ነው፤ ዶላር አይጠይቅም።

በአዳማ ዙሪያ ለውጭ ገበያ የሚደልቡ ወይፈኖችም ነገራቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ፎስፈረስ በዝቶ ካልሲየም ሲያንስ በወንድ ከብት የሽንት መስመር ጠጠር ይሠራል፤ ወይፈኑ ሽንት ይከለከላል፣ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። ለገበያ አንድ ወር የቀረው ወይፈን እንዲህ ሲወድቅ ባለሀብቱ “ውጋት ነው” ይላል። ከመኖው ጋር በመጠን የተጨመረ ኖራና ጨው፣ በቂ ውኃም ቢኖር ከዚህ ኪሳራ ብዙው ይድን ነበር።

ገጠር ያለው ገበሬ ግን ተቃራኒው ነው። ከብቶቹ የሚኖሩት በግጦሽና በጭድ ስለሆነ የጎደላቸው ፎስፈረሱ ነው። ለእሱ ኖራ ሸጦ መሄድ ማታለል ነው። የመኖ ነጋዴው ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ከረጢት ያቀርባል፤ ብዙውን ጊዜም ከውጭ የመጣ፣ ለሌላ አገር ሣርና ለሌላ አገር ላም የተቀመመ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዚህ ዓይነቱ ከረጢት ዋጋ ለትንሹ አምራች የሚቀመስ አልሆነም። ነጋዴዎቹ “አምራቹ ማዕድን አይገዛም” ይላሉ። እርግጥ ነው አይገዛም፤ ሃያ አምስት ኪሎ በአንዴ ግዛ ከተባለና ምን እንዳለበት ካልተነገረው ለምን ይገዛል?

የጊዜውም ነገር ተገልብጧል። ባለከብቱ ስለ ማዕድን የሚያስታውሰው በበጋ፣ ከብቱ ሲከሳ ነው። የተራበች ላም ግን መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ምግብ ነው። ጉልበትና ገንቢ ምግብ አጥታ እየከሳች ያለች ከብት ፎስፈረስ ቢሰጧት እምብዛም አትጠቀምበትም። ማዕድኑ የሚሠራው ከብቷ ስታድግ፣ ስትወፍርና ስትታለብ ነው፤ ማለትም ሣሩ ለምለም በሆነበት በክረምትና በመስከረም። ብዙ ሰው ጨውና ቦሌ የሚቀንሰው ግን “አሁንስ ሣር አለ” ብሎ በዚያው ወቅት ነው። ጥቂት ብር ያለው ሰው በየካቲት ድርቆሽና ጨው፣ በሐምሌ ፎስፈረስ ቢገዛ ያው ብር የተሻለ ይሠራለታል።

ፎስፈረሱ ከየት ይምጣ? የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው። ዲካልሲየም ፎስፌት የሚባለው ነጭ ዱቄት በውጭ ምንዛሪ ይገባል፤ 18 በመቶ ገደማው ፎስፈረስ ነው። በየከተማው ቄራ ጀርባ፣ በየሥጋ ቤቱ ጓሮ የሚጣለው አጥንት ደግሞ ተቃጥሎ ነጭ ዓመድ እስኪሆን ቢጠበስ ከዚህ ብዙ የማያንስ ፎስፈረስ ይሰጣል። አገሪቱ ፎስፈረስ እየጣለች ፎስፈረስ ትገዛለች። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1986 የታወቀው የ“እብድ ላም” በሽታ ሥጋና አጥንት ፈጭቶ መልሶ ለከብት ማብላት ምን እንደሚያመጣ ስላሳየ፣ ጥሬ ወይም በውኃ የተቀቀለ አጥንት ለከብት ይሰጥ ብሎ የሚከራከር ሊኖር አይገባም። ሥጋና መቅኔው ፈጽሞ እስኪነድ የተቃጠለ የአጥንት ዓመድ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱም ቢሆን በእያንዳንዱ ጓሮ ሳይሆን ፈቃድ ባለው፣ ሙቀቱ በሚለካ ምድጃና በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር ሊሠራ ይገባል። ሥራው ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም። ቄራ ያለው ከተማ፣ አንድ ማኅበርና አንድ ምድጃ ከተገኙ ይጀመራል።

አቋራጭ የሚፈልጉትን ደግሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ያልተጣራ የፎስፌት ድንጋይ ፍሎራይድ አለበት፤ የስምጥ ሸለቆው ውኃ ራሱ በፍሎራይድ የሰውን ጥርስ ባበላሸበት አገር ላይ ሌላ ፍሎራይድ መጨመር እብደት ነው። ለላም የተቀመመ ማዕድን ለበግ አይሰጥም፤ ላም የምትችለው መዳብ በግን በጉበቱ ተጠራቅሞ ይገድላል፣ ያውም ድንገት። ሴሊኒየምም ጥቂቱ መድኃኒት፣ ትንሽ ሲበዛ መርዝ ነው። ከሞላሰስ፣ ከዩሪያና ከጨው የሚሠራው የሚላስ ጡብ ጥሩ ነገር ሆኖ ሳለ ጡቡን ሰባብሮ በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ላሟን በዩሪያ መግደል ነው፤ ለጥጃም አይሰጥም። እነዚህ ነገሮች ከረጢቱ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች መጻፍ ያለባቸው ናቸው። ዛሬ ከውጭ በሚመጣው ከረጢት ላይ የሚነበበው እንግሊዝኛ ነው፤ በቦሌው ከረጢት ላይ ደግሞ የቀድሞው ማዳበሪያ ስም።

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ብሎ በጀመረው ዘመቻ ለየቤተሰቡ የተሻሻለች ጊደር እንዲደርስ ብዙ ተደክሟል። ጊደሯ ስትሰጥ አብሮ የሚሰጥ አንድ የማዕድን ከረጢት ቢኖር የጊደሯን ዋጋ ያህል እንኳ ሽራፊ አያወጣም፤ ሳይኖር ሲቀር ግን ጊደሯ በጭድ ላይ ቆማ ሁለት ዓመት ኮርማ ሳትፈልግ ትቀራለች፣ ተቀባዩም “የመንግሥት ላም መካን ናት” ብሎ ይሸጣታል። የወተት ማቀነባበሪያዎችም ያላዩት ዕድል አለ። ከገበሬው በየቀኑ ወተት የሚቀበል ድርጅት ማዕድኑን በሁለትና በሦስት ኪሎ ከፋፍሎ በዱቤ ሰጥቶ ከወተቱ ሂሳብ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቢቆርጥ ገንዘቡም አይጠፋበትም፣ የወተቱም መጠን ይጨምርለታል። ጥቅሙን መጀመሪያ የሚያየው ራሱ ነው።

ተቆጣጣሪውን በተመለከተ ሕግ አልጎደለም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አሁን ሥራው የግብርና ባለሥልጣን ነው። ከዚህ መሥሪያ ቤት የሚፈለገው ሌላ አዲስ መመሪያ አይደለም። ገበያ ላይ ያለውን ቦሌ ከየጉድጓዱ እየወሰደ አስመርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ቢያወጣ፣ ባለጥሩ ጉድጓዱ ዋጋ ያገኝበታል፣ አፈር ብቻ የሚሸጠውም ይለይበታል። ለሚሸጥ ማንኛውም የማዕድን ከረጢት ደግሞ ሦስት ቁጥር ቢያስገድድ ለጅማሬው ይበቃል፤ ካልሲየሙ ስንት በመቶ፣ ፎስፈረሱ ስንት በመቶ፣ ጨው ስንት በመቶ። ሦስት ቁጥር ለመጨመር ማተሚያ ቤቱ ተጨማሪ ቀለም አያስከፍልም።